ከሽኝቱ በፊት የቀረበ ጥያቄ

ጎንደር ከተማ ውስጥ በዘጋቢነት ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። የፍርድ ቤት ክርክር፣ የገበያ ዋጋ፣ የመንገድ አደጋ፣ ጦርነትም ሳይቀር በየተራው ዘግቤአለሁ። ባልደረቦቼ «አለቱ» ይሉኛል፤ ምንም ቢመጣ ፊቴ አይለወጥም ለማለት ነው። እውነታቸውን ነው። ነገር ሲሞቅ እኔ እቀዘቅዛለሁ። ማን፣ የት፣ እንዴት እያልኩ እጽፋለሁ። ስለ ስሜቴ ቤቴ ስገባ አስባለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያኔም አላስብም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የገጠመኝ እንዲህ ያለ ሰው ሳለሁ ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፣ የመንደሩንም ትቻለሁ። የቀረው እንደሆነው ነው።

አዘጋጄ አንድ ቀን ጠራኝና «ሳይኮሎጂ ሲባል ሰው ሁሉ የሰው ልብ ማንበብ ይመስለዋል። በዶክትሬት ደረጃ የሚያጠኑት ልጆች ምን እንደሚማሩ፣ አንዱ ዘርፍ ከሌላው በምን እንደሚለይ ለአንባቢ በሚገባ ቋንቋ ጻፍልን» አለኝ። ቀላል ሥራ መሰለኝ። ተማሪዎችን አነጋግሬ፣ የትምህርቱን ዓይነት ዘርዝሬ፣ በሁለት ቀን የማስረክበው ጽሑፍ ነበር።

ሦስት ተማሪዎች አገኘሁ። ሰናይት ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ትማራለች፤ አእምሮው የታመመን ወይም ጭንቀት የበዛበትን ሰው መመርመርና በንግግር ማከም ማለት ነው። አብዛኛውን ሳምንት ሐኪም ቤት ውስጥ፣ አስተማሪዎቿ እየተቆጣጠሯት ትሠራለች። አባቷ ከከተማው ደብሮች በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ይበልጣል የሚማረው የአንጎልና የባሕርይን ግንኙነት ነው፤ ኒውሮሳይኮሎጂ ይሉታል። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም በእርጅና የሚረሳ ሰው ምኑ እንደጎደለ፣ ምኑ እንደተረፈ በፈተና ይለያል። ደሴ ደግሞ ማኅበራዊ ሳይኮሎጂ ነው። እድርና ማኅበር፣ እምነትና ይሉኝታ ሰውን እንዴት እንደሚመሩት ያጠናል። የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ የምትማር አራተኛ ባልደረባ ነበረቻቸው፤ በዚያ ሳምንት ልጆች እየፈተነች ስለነበር አላገኘኋትም።

ሦስቱ በዚያው ሰሞን ከዳባት ወጣ ብሎ ወዳለ ደጋ መንደር ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበር። ይበልጣል ድጓን የሚያህል መጽሐፍ በቃላቸው የያዙ የዜማ መምህራን የማስታወስ ችሎታቸው እንዴት እንደሚሠራ ሊያጠና ይፈልጋል። ደሴ የመንደሩ ተወላጅ ነው፤ በልጅነቱም ከመንደሩ መምህር ከመሪጌታ ልሳኑ ዘንድ ጥቂት ተምሯል። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር አብሬ ልሂድ አልኳቸው። ሰናይት የመጣችው እግሯን ለማፍታታት ነው። «የእኔ ሥራ እዚያ የለም፤ አየር ልቀበል ነው» ብላኛለች።

ማለዳ ተነሣን። ማኪናዋን የሚነዳው ደሴ ነው። አምባ ጊዮርጊስን እስክናልፍ ሲሳሳቁ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ» አለኝ ይበልጣል። «ደሴ ስለ ሰፈር ይማራል፣ እኔ ስለ ጭንቅላት እማራለሁ፣ ሰናይት ስለ እንባ።»

«የአንተንም ፈተና ንገረው እንጂ!» አለች ሰናይት።

ይበልጣል ሳቀ። «ከውጭ የመጣው ፈተና ‹አሁን ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?› ይላል። ጠዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬን እንደወረደ ጠየቅኳቸው። ዙሪያውን አዩና ‹ልጄ፣ ሕክምናው የሚያስፈልገው ለአንተ ነው› አሉኝ። የእኔ ዶክትሬት ግማሹ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነቅሎ የሚሆነውን መትከል ነው።»

ይህን ጻፍኩ። ጽሑፌ በመንገድ ላይ ያለቀ መሰለኝ።

መንደሩ ስንደርስ ሰው ገብስ እያጨደ ነበር። ደሴን ያወቁት ሁሉ እየሮጡ መጡ። «እንኳን ደረስክ! ነገ ሽኝት ነው!» ይሉታል። መሪጌታ ልሳኑ ሊመንኑ ነው። ሀብታቸውን አካፍለው፣ ሚስታቸውን አስፈቅደው፣ በዛሪማ በኩል ቆላ ወርደው ወደ ገዳም ሊሄዱ ነው። ነገ ጠዋት መንደሩ በጸሎት ይሸኛቸዋል። አንዲት ሴትዮ «ሸጋ ነው፤ ለአገራችንም በረከት ነው» አሉን። ሰው ሁሉ ኮርቷል።

መሪጌታ በስድሳዎቹ አጋማሽ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጨዋነታቸው ከሩቅ የሚታይ ሰው ናቸው። ቤታቸው ባዶ ነው። የመጻሕፍት ማኅደር ይንጠለጠልበት የነበረው ችካል ግድግዳው ላይ ባዶውን ቀርቷል። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልን።

«ይኸው ደሴ መጣልዎ» አሉ ወይዘሮዋ።

«አየሁት። ወፈረ» አሉ መሪጌታ። ፈገግታው ግን ከአፋቸው አላለፈም።

ይበልጣል ሥራውን አስረድቶ ፈቃዳቸውን ጠየቀ። ተስማሙ። የወቅቱን ዜማ እንዲሉለት ለመናቸው። ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚይዝ ነበር። መሐል ላይ ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሡ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ።

«ሄደ» አሉ።

«ምኑ ነው የሄደው የኔታ?» አለ ደሴ።

«እሱው ነዋ። አባቴንም እንዲሁ ነው የጀመራቸው። መጨረሻ ላይ እኔን ‹አንተ የማን ልጅ ነህ?› ይሉኝ ነበር።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «በማርያም ዕለት ቅኔ ማኅሌት መሐል ጠፋኝ። ያስተማርኩት ዲያቆን ቀበለኝና አነሣው። ሰው ሁሉ ሰማ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምሳ ሊያቀርቡ ተነሡ። እኛም እጃችንን ለመታጠብ ወደ ውጭ ወጣን። ሰናይት ከኋላ ቀርታ ወይዘሮዋን አንድ ነገር ስትጠይቅ አየኋት። ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል።

«ደሴ፣ ዳዊታቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተዋል» አለች።

«ሁሉንም ሰጥተዋል እኮ። መናኝ ናቸው።»

«ድጓውን ይስጡ። መቋሚያውንም ይስጡ። መናኝ ዳዊቱን ትቶ ነገ መንገድ ላይ ምን ሊጸልይ ነው? አባቴ ገበያ ሲሄዱ እንኳ ዳዊታቸውን አይለዩትም። ስንቅም አላዘጋጁም፤ ሚስታቸው በሶ ልፍጭ ቢሏቸው ‹አያስፈልግም› አሏቸው።»

ደሴ ገባው። ገረጣ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። «ሰናይት፣ ይህ ሐኪም ቤት አይደለም። ምናኔ ነው። የአገሩን ወግ በሽታ አታድርጊው። ይህን ስናነብ ከርመን የለ?»

«በሽታ ነው አላልኩም። አላውቅም። ስለማላውቅ እጠይቃቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እንዳለ። ራስዎን ሊያጠፉ አስበዋል ወይ ብዬ።»

«ለየኔታ? እንዲህ ያለ ቃል? ቢቀየሙስ? ደግሞ ያላሰቡትን ብታሳስቢያቸውስ?»

«መጠየቅ አያሳስብም። መጀመሪያ የተማርነው ይህንን ነው። ያሰበ ሰው ብትጠይቀው ይቀለዋል፤ ያላሰበ ሰው ‹ኧረ የለም› ይልሃል። ከተቀየሙ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልጠየቅኩ ግን ነገ እልል ብለን ነው የምንሸኛቸው።»

ይበልጣል «ትጠይቅ» አለ። ደሴ ፊቱን ወደ ገብሱ አዞረ። እኔም በልቤ ከደሴ ጋር ነበርኩ።

ከምሳ በኋላ ሰናይት መሪጌታን ለብቻቸው ላነጋግርዎት አለቻቸው። መሪጌታ አመነቱ። ከወጣት ሴት ጋር በዝግ ቤት መቀመጥ ለእሳቸው ነውር ነው። ወደ እኔ አመለከቱ። «ይኸ ጸጉሩ የሸበተው ይቀመጥ። ሌላው ይውጣ።»

ሰናይት አየችኝ። «ጋሼ፣ የድምፅ መቅጃህን ዝጋው። የምትሰማውን እሳቸው ካልፈቀዱ አትጽፍም።»

ዘጋሁት። በሥራ ዘመኔ መቅጃ ዝጋ ስባል የተከራከርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ቀን አልተከራከርኩም።

ስለ እንቅልፋቸው ጀመረች። ዶሮ ሳይጮህ እንደሚነቁ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነገሯት። ምግብ አይጥማቸውም። አገሩ ሲታወክ ተማሪዎቻቸው ተበትነዋል፤ ጉባኤ ቤቱ ከባዶነቱ የተነሣ አይጥ ይሮጥበታል። ከዚያ ወዲህ ዜማው ይጠፋባቸው ጀመር። አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«የኔታ፣ እንዲህ ሲከብደው ሞትን የሚመኝ ሰው አለ። እርስዎስ? ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

ውጭ ሰው እያጨደ ይዘፍናል።

«ይህ ቃል በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም» አሉ መሪጌታ።

«አውቃለሁ የኔታ። መልሱን ግን መስማት እፈልጋለሁ። ምንም ቢሉኝ አልደነግጥም፣ አልቆጣም።»

ዝም አሉ። በእኔ ሙያ ተጠያቂ ዝም ሲል ሌላ ጥያቄ ጣል ይደረጋል። አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ፤ «ኧረ መሪጌታ እንዲህ ያለውን አያስቡም» ልል ምንም አልቀረኝም። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗን ከእሳቸው ላይ ሳታነሣ ጠበቀች። የጠበቀችበት ጊዜ አጭር ይሆናል፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር።

«ገዳም አልደርስም ነበር» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ እንባቸው ወረደ። ድምፅ የሌለው እንባ ነው። «ገዳም ሄደ ይባልልኛል። ጥሩወርቅም አንገቷን አትደፋም። እንደ አባቴ ቆሽሼ፣ ስሜን ረስቼ ከምታየኝ ብዬ ነው።»

ሰናይት «ኃጢአት ነው» አላለችም። «ለልጆችዎ ያስቡ» አላለችም። «እስካሁን ይህን ብቻዎን ነው የያዙት» አለች። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥላ እንዴት እንዳሰቡ፣ ምን እንዳዘጋጁ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ ለማንም አይጠቅምም። ከዚያ ለሚስታቸውና ለንስሐ አባታቸው እንድትነግር አስፈቀደቻቸው። ብዙ አንገራገሩ፤ በመጨረሻ ፈቀዱ።

ወደ ውጭ ወጥታ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ስትነግራቸው እኔ ከመሪጌታ ጋር ቆየሁ። «ብቻቸውን እንዳትተዋቸው» ብላኛለች። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በቤቱ ውስጥ አደጋ ሊሆን የሚችለውን ነገር ወደ ጎረቤት አስወጡ። ሰናይት ጉብታው ላይ ወጥታ፣ ስልኩ ሲይዝላት፣ የሐኪም ቤት አማካሪዋን አነጋገረች። መልሱ አጭር ነበር፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይምጡ።

ይበልጣል ገብቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ወረቀት አላወጣም። «የኔታ፣ ያቺ የቆሙባት ቦታ ላይ አንድ ቃል ላቀብልዎት?» አለና ውጭ ከዲያቆኑ ጠይቆ የያዘውን አንድ ቃል አቀበላቸው። መሪጌታ ከዚያ ተነሥተው እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ሌላም እንዲሁ፤ ሌላም። ቀኑን፣ ወሩን፣ በዓሉን፣ የተማሪዎቻቸውን ስም ከነአገራቸው ጠየቃቸው። አልሳቱም።

«የኔታ፣ ሐኪም ሳያይዎት ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም» አለ። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። የጠፋ ነገር አንድ ቃል ስላቀበሉት አይመለስም። የእርስዎ ተመለሰ። ሐዘንና እንቅልፍ ማጣትም ማስታወስን ያደክማሉ። ከአባትዎ ሕመም ጋር አንድ ነው ብሎ ማንም ገና አልመረመረዎትም።»

መሪጌታ ልጁን ትኩር ብለው አዩት። «አልመረመረኝም» አሉ፤ ራሳቸውን እንደሚጠይቁ ሁሉ።

የቀረው መሄዱ ነበር። መሪጌታ እንቢ አሉ። «ነገ አገሩ ሊሸኘኝ ይሰበሰባል። ሐኪም ቤት ሄደ ሲባል ምን ይሉኛል? አበደ ነው የሚሉኝ። አልሄድም።» መንገዱ ላይ ያለው ኬላ ሳይመሽ ይዘጋል፤ ጊዜው እየገፋ ነው። ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ስታፍተለትል አየኋት። ይህኛው ትምህርቷ ውስጥ አልነበረም።

ደሴ ተነሣ። መጀመሪያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደና መሪጌታ አሟቸዋል፣ ሽኝቱ ይቆይ አላቸው። «ለእግዚአብሔር የተገባ ብፅዓት አይዘገይም፤ ከዘገየ መዓት ያመጣል» ብለው መለሱት። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፤ ትንሽ አሰበና «ሞኝ ነኝ!» ብሎ ቁልቁል ሮጠ። ሲመለስ የመሪጌታን የንስሐ አባት ቄስ ሞላን ይዟል። ቄሱ ማጭዳቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

«አያ ልሳኑ» አሉ ቄስ ሞላ በሩ ላይ ቆመው። «ምነው? ለምናኔ የሚሄድ ሰው የንስሐ አባቱን አይጠይቅም?»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ።

«አገሩ ሁሉ ጠይቆኛል ብሎ ያስባል። እኔ ደግሞ ጳጳሱን አስፈቅዶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ማንንም አልጠየቅክም።» ድምፃቸው ለዘበ። «ልጆቹ ነገሩኝ። ቁጣ የለኝም። እንግዴህ የእኔ ቃል ይኸ ነው፤ ፈቃድ አልሰጠሁህም። ታክመህ ትመለሳለህ። ያኔ ገዳም ልሂድ ካልክ አብረን እንነጋገራለን። ለሰዉ የምነግረው እኔ ነኝ፤ የንስሐ አባቱ ከለከለው እላለሁ። የንስሐ አባቱን ቃል ያከበረ ሰው አበደ አይባልም።»

ኋላ ደሴን ይህን እንዴት አሰብከው አልኩት። «ሰው የሚያፍረው በሰው ፊት ከሆነ መውጫውንም የሚያገኘው በሰው በኩል ነው። ተምሬዋለሁ። ጠዋት ግን ‹ወጉን አትንኪ› የሚለውን ብቻ ነበር ያስታወስኩት» አለኝ።

መሪጌታ ተነሡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጫማቸውን አቀረቡላቸው። ማኪናዋ ውስጥ በሰናይትና በሚስታቸው መካከል ተቀመጡ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አሳልመው በሩን ራሳቸው ዘጉት።

ዳባትን አልፈን ብዙ እንደሄድን ደሴ «የኔታ፣ እኔ ዜማውን ጥዬ የጠፋሁት ድምፄ ስላላማረ ነው፤ ያስታውሳሉ?» አለ።

«አስታውሳለሁ» አሉ መሪጌታ ከኋላ። «የአህያ ነበር። ተማሪዎቹ አንተ ስትጀምር አህያ መጣ እያሉ በሩን ይዘጉ ነበር።»

ይበልጣል ዘወር ብሎ «ይኸም አልጠፋም» አላቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ፤ መሪጌታ እጃቸውን ያዙ። ኬላው ሳይዘጋ አለፍን።

መሪጌታ ጎንደር ተኝተው ታከሙ። ሐኪሞቹ ከባድ ድባቴ ነው አሉ፤ የመርሳት ሕመም ምልክት አላገኙባቸውም። መድኃኒትም፣ ከሰናይትና ከአማካሪዋ ጋር ንግግርም ነበራቸው። ሙሉ በሙሉ ዳኑ ብዬ አልጽፍም፤ ክፉ ቀን አሁንም አላቸው፤ ሲመጣባቸው ግን ለማን እንደሚናገሩ ያውቃሉ። ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። ጥቂት ተማሪዎችም መጥተዋል።

ለአዘጋጄ የታዘዝኩትን ጽሑፍ አስረከብኩ። የትኛው ዘርፍ ምን እንደሚያስተምር በትክክል ጽፌያለሁ፤ ስሕተት የለበትም። ግን ያን ቀን ያየሁት እዚያ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እኔ ተለውጫለሁ። ጥያቄ መጠየቅ ሙያዬ ነው፤ የምጠይቀው ግን መልስ ይዤ ለመሄድ ነበር። ሰናይት ጠይቃ ቁጭ አለች። መልሱ የቱንም ያህል ቢከብድ አብራ ልትሸከመው ተዘጋጅታ ነው የጠየቀችው። አሁን እኔም የከበደው ሰው ሳይ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ኧረ የለም፣ ምን ነካህ» ብሎ ይስቅብኛል። አንድ ሰው ግን አልሳቀም፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

አንባቢዬ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ዕቃውን እያደለ ከሆነ፣ ስንብት ስንብት ከሸተተህ፣ መልካም ስም አውጥተህለት አትለፍ። ጠይቀው። «አዎ» ካለህ ብቻውን አትተወው፤ ወደ ሐኪም አድርሰው። ሊቅ መሆን አይጠበቅብህም።

ይህን ከማሳተሜ በፊት ፈቃድ ልጠይቅ ወደ መሪጌታ ሄጄ ነበር። ጉባኤ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ዜማ ያቀናሉ። ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ተማሪዎቹን አሰናብተው ብዙ ዝም አሉ። አሁን እኔም ዝም ማለት ተምሬያለሁ፤ ጠበቅኩ።

«ጻፈው» አሉኝ። «ስሜን ተው፤ ለጥሩወርቅ ስል። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝን ግን እንዳለ ጻፈው። ቃሉን እንዳታለዝበው። ለዝቦ ቢመጣ ኖሮ ‹ደኅና ነኝ› ብዬ ነበር የምመልስላት።»